መንዙማ ከደብተር እስከ ሐድራ፦ የወሎ ገጣሚ ሥራውን የሚያዘጋጅበትና የሚያቀርብበት መንገድ

መግቢያ

ስለ ከያኒ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው አንድ ሰው በሩን ዘግቶ ሥራውን ሲሠራ፣ ሥራው ሲያልቅም ይዞ ወጥቶ ለሰው ሲያሳይ ነው። ሠዓሊው ሸራውን ጨርሶ ወደ ዐውደ ርእይ ይወስዳል፤ ደራሲው ረቂቁን ጨርሶ ወደ ማተሚያ ቤት ይልካል። መሥራትና ማሳየት የተለያየ ቦታና የተለያየ ጊዜ ያላቸው ሁለት ተግባራት ሆነው ይታሰባሉ። በደቡብ ወሎ፣ በተለይም በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ የመንዙማ ገጣሚ ሥራውን የሚያከናውንበትን መንገድ ስንመለከት ግን ይህ ድንበር እምብዛም ጸንቶ አይገኝም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የመንዙማ ገጣሚ ሥራውን ከየት እንደሚያነሣ፣ በምን እንደሚያሰፍር፣ በማን ፊትና እንዴት እንደሚያቀርብ ማስረዳት ነው። መከራከሪያ ነጥቡም ባጭሩ ይኸው ነው፦ በመንዙማ ደብተሩ የሥራው ማስታወሻ እንጂ የሥራው ፍጻሜ አይደለም፤ ሐድራውም ያለቀ ሥራ የሚታይበት መድረክ ብቻ ሳይሆን ሥራው የሚጠናቀቅበት ቤት ነው። ይህ ነጥብ ለተማሪዎቻችን ተግባራዊ ፋይዳ አለው። መንዙማን ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚሰበስብ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ስንኞቹን በወረቀት ገልብጦ ይመለሳል። ገልብጦ የተመለሰው ግን፣ ከዚህ በታች እንደምናየው፣ የሥራውን ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ደግሞ ዛሬ በብዙ አቅጣጫ እየተለወጠ በመሆኑ ጉዳዩ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም።

በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቃሉ፣ ቦታውና የኋላ ታሪኩ

“መንዙማ” የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ነው። ሥርወ ቃሉ መደርደርን፣ በክር ላይ ዶቃ መሰካትን ያመለክታል፤ ከዚያም በሥርዓት የተደረደረ ንግግር፣ ማለትም ግጥም፣ ማለት ሆነ። በወሎ አማርኛ ደግሞ ቃሉ ጠበብ ብሎ ለአላህ ምስጋና፣ ለነቢዩ ሙሐመድና ለወሊዎች ውዳሴ፣ ለትምህርት፣ ለተግሣጽና ለልመና የሚዜም ሃይማኖታዊ ግጥምን ይወክላል።

የደሴና የኮምቦልቻ አካባቢ ለዚህ ዘውግ እንዴት ማዕከል ሊሆን እንደቻለ ለመረዳት የመልክዐ ምድሩን አቀማመጥ ማስታወስ ይጠቅማል። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከዚያ በሐረጎ በኩል ተጠማዝዞ የሚወርደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወደ ኮምቦልቻና ወደ ቦርከና ሸለቆ ያደርሳል። በዚህ የደጋና የቆላ መገናኛ ዙሪያ ባሉት ወረዳዎች ከ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የሱፊ ሊቃውንት የመሠረቷቸው የትምህርትና የዚያራ ማዕከላት ተነሥተዋል። ከእነዚህ መካከል በአልቡኮ የሚገኘው ጀማ ንጉሥና በቃሉ የሚገኘው ጌታ በሰፊው ይታወቃሉ። ጀማ ንጉሥን የመሠረቱት ሸኽ ሙሐመድ ሻፊ በ19ኛው መቶ ዓመት መባቻ ያረፉ ሲሆን፣ ከጌታ ጋር ስማቸው የሚነሣው ሐጅ ቡሽራ ደግሞ ያረፉት በ1863 ነው። የእነዚህን ማዕከላት ታሪክ ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ በ2001 በታተመው ስለ 19ኛው መቶ ዓመት የወሎ እስልምና በሚተርከው መጽሐፋቸው በስፋት አጥንተውታል።

ማዕከላቱ ለመንዙማ ሁለት ነገር አበረከቱ። አንደኛ፣ ገጣሚውን አስተማሩት፤ የዐረብኛ ሰዋስውና የዐረብኛ ግጥም የሚማርበት ቦታ ነበሩና። ሁለተኛ፣ አድማጩን ሰበሰቡለት። አድማጩ ግን ዐረብኛ የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ገበሬ፣ ነጋዴ፣ እረኛና የቤት እመቤት ነበር። ስለዚህ ሊቁ የተማረውን በሕዝቡ ቋንቋ መልሶ መግጠም ነበረበት። መንዙማ በአማርኛ የተስፋፋው ከዚህ ፍላጎት የተነሣ ነው ማለት ይቻላል።

ዘውጉ የታሪክ ምስክር የሆነበትም ጊዜ አለ። ከደሴ በስተሰሜን በቅርብ ርቀት በምትገኘው ቦሩ ሜዳ በ1878 በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሰብሳቢነት ከተካሄደው ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትናን እንዲቀበሉ ታዘዘ። የወሎው ኢማም ሙሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላም ንጉሥ ሚካኤል ሆኑ። ትእዛዙን ከተቃወሙት ሊቃውንት አንዱ እስከ 1936 የኖሩት ሸኽ ጦልሐ ቢን ጃዕፈር ናቸው። እኚህ ሰው የአማርኛ ግጥሞችን በዐረብኛ ፊደል ጽፈው ያስቀሩ ሲሆን፣ ሥራዎቻቸው ዛሬ በሥነ ጽሑፍ አጥኚዎች ብቻ ሳይሆን በታሪክ ተመራማሪዎችም ይጠቀሳሉ።

የገጣሚው ውሎ

የመንዙማ ገጣሚ በአብዛኛው በግጥሙ የሚተዳደር ሰው አይደለም። ሸኽ ነው፤ ደረሳ ነው፤ ገበሬ ነው፤ ወይም ከሱቁ ባንኮኒ ጀርባ ተቀምጦ የሚውል ነጋዴ ነው። በዚህ ረገድ ከአዝማሪ ይለያል። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ድግስና መጠጥ ቤት ይገባል፤ ያለበትን ቤትና የተቀመጠውን ሰው አይቶ ስንኝ ይወረውራል፤ ሽልማቱንም እዚያው ይቀበላል። የመንዙማ ገጣሚ ግን ለስንኙ ዋጋ አይጠራም። ሥጦታ ቢመጣለት በዱዓ ይቀበላል፤ ዋነኛ ክፍያው ግን ግጥሙ በሰው አፍ ውሎ ማደሩ ነው።

ከማዕከላቱ በአንዱ የሚያስተምር ሸኽ ውሎ የሚጀምረው ከንጋት ሶላት ነው። ከሶላት በኋላ ደረሳዎቹ በየተራ ኪታባቸውን ይዘው እየቀረቡ ይቀጽላሉ። ገሚሱ የፊቅህ፣ ገሚሱ የሰዋስው ተማሪ ነው። ፀሐይ ስትበረታ ሸኹ ወደ እርሻው ወይም ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ባለጉዳይ ይመጣል፤ ባልና ሚስት ይታረቃሉ፤ ለታመመ ዱዓ ይደረጋል። ግጥሙ በዚህ ሁሉ መካከል በሐሳብ እየተንከባለለ ይውላል። ለብቻ መሆን ሲያስፈልግ ኸልዋ የሚባል መገለያ አለ፤ ከምሽት ሶላት በኋላ ያለው የሌሊት ጸጥታም ለብዙዎች የግጥም ሰዓት ነው።

ከገጣሚው ውሎ ውስጥ የሚወጡት ርእሰ ጉዳዮችም ይህንኑ ይመሰክራሉ። የታረቁት ባልና ሚስት በተግሣጽ ስንኝ ውስጥ ይገባሉ። የዘገየው ዝናብ ልመና ይሆናል። የሐራሙ ገንዘብ፣ የሐሰቱ ምስክርነት፣ የወላጅ ሐቅ፣ የዱንያ ከንቱነትና የአኼራ ተስፋ፣ እነዚህ ሁሉ ከመጽሐፍ የተወሰዱ ቢሆኑም ምሳሌያቸው የሚመጣው ከማሳው፣ ከገበያውና ከጎረቤቱ ነው።

የዚህን ገጣሚ አሠራር ለማጉላት ለአንባቢዎቻችን ይበልጥ ከሚታወቀው ከቅኔ ትምህርት ቤት ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። የቅኔ ተማሪ ከጉባኤው ተለይቶ ቅኔውን ለብቻው ይቆጥራል፤ ከዚያም በመምህሩ ፊት ያቀርባል፤ መምህሩ ያርመዋል። የቅኔ ክብሩ አዲስ መሆኑ ላይ ነው፤ የትናንቱን ቅኔ የራሱ አድርጎ ደግሞ የሚያቀርብ ባለቅኔ አይከበርም። መንዙማ የሚከበረው በተቃራኒው ነው። በተደጋገመ ቁጥር ይጣፍጣል። ለቅኔ አራሚው አንድ መምህር ሲሆን፣ ለመንዙማ አራሚው፣ ቀጥለን እንደምናየው፣ ጠቅላላው ታዳሚ ነው።

ስንኙ የሚሰካበት ሥርዓት

መንዙማ የተለመደ አካሄድ አለው። መክፈቻው ለአላህ የሚቀርብ ምስጋና ነው። ከዚያ በነቢዩ ላይ የሚወርድ ሶለዋት ይከተላል። ቀጥሎ የግጥሙ ዋና ጉዳይ ይመጣል፤ መዝጊያው ዱዓ ነው። መክፈቻና መዝጊያው ብዙ ጊዜ ዐረብኛ የሚበዛበት ሲሆን፣ መካከሉ ወደ አማርኛ ያደላል። አንዳንድ ገጣሚ በመጨረሻው አርኬ ስሙን አስገብቶ ለራሱ ምሕረት ይለምናል። ስሙ የሚገባው ግን ራሱን ዝቅ ካደረገ ቃል ጋር እንጂ እንደ ባለቤትነት ማኅተም አይደለም።

ከአወቃቀሩ ውስጥ ለክዋኔው ቁልፍ የሆነው የቤት አመታቱ ነው። በብዙ መንዙማዎች የአንድ አርኬ የመጀመሪያዎቹ ስንኞች እርስ በርሳቸው ቤት ይመታሉ፤ የመጨረሻው ስንኝ ግን ከእነርሱ ተለይቶ በአዝማቹ ቤት ይመታል። በወረቀት ላይ ሲታይ ይህ የቅርጽ ጌጥ ይመስላል። በሐድራ ውስጥ ግን ምልክት ነው። አውራጁ ሦስት ስንኝ በአንድ ቤት ካወረደ በኋላ ቤቱን ሲለውጥ፣ ታዳሚው “ተራው የኔ ነው” ብሎ ያውቃል፤ ማንም ሳይጠቁመው አዝማቹን ይቀበላል። ስለዚህ ገጣሚው በሌሊት ለብቻው ተቀምጦ ያንን የመጨረሻ ቤት ሲመርጥ ለታዳሚው ቦታ እየለቀቀ ነው ማለት ነው። ታዳሚው ገና ባልተሰበሰበበት ሰዓት ግጥሙ ውስጥ ገብቷል።

ምጣኔውም እንዲሁ ከዜማው ተለይቶ አይታይም። የአማርኛ ግጥም አጥኚ የለመደውን የወል ቤት 12 ቀለም፣ ስድስት ለስድስት ከፍሎ፣ በመንዙማ ላይ ሊቆጥር ቢሞክር አንዱ ስንኝ ይሞላለታል፤ ሌላው ይጎድልበታል ወይም ይተርፈዋል። የጎደለው በዜማው ይሳባል፤ የተረፈው በጭብጨባው መካከል ይፈጥናል። በጽሑፍ “ሰባራ” የሚመስለው ስንኝ ሲዜም ምሉዕ ይሆናል።

የቃላት አጠቃቀሙም ልብ ሊባል ይገባዋል። ዱንያ፣ አኼራ፣ በረካ፣ ኸይር፣ ወሊ የመሳሰሉት ቃላት ከዐረብኛ የመጡ ቢሆኑም በወሎ አማርኛ ውስጥ ከቆዩ ዘመን የላቸውም አይባልም። ገጣሚው “ወሊዎቹ” ብሎ የአማርኛውን የብዙ ቁጥርና የእመርታ ምዕላድ ይቀጥልባቸዋል። በዚህ መንገድ ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ስንኝ፣ አንዳንዴም በአንድ ቃል ውስጥ አብረው ይሠራሉ።

ደብተሩ፦ አጀም

ገጣሚው ሥራውን የሚያሰፍረው በአጀም ነው፤ ማለትም አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል ይጽፈዋል። ይህ የጽሕፈት ልማድ ከውጭ አጥኚዎች ዘንድ ቀደም ብሎ ትኩረት አግኝቷል። ኤንሪኮ ቼሩሊ የኢትዮጵያ ሙስሊሞችን የአማርኛ መዝሙሮች በ1926 አሳትሟል፤ በኋላም አሉላ ፓንክረስት በወሎ አጀም ላይ ጽፈዋል።

አጀም በሥነ ጽሑፍ አጥኚ ፊት ከባድ ጥያቄ ያቀርባል። የዐረብኛ ፊደል ለአማርኛ ድምፆች ሁሉ አይበቃም። ለ“ጠ” ጧን፣ ለ“ቀ” ቃፍን፣ ለ“ጸ” ሷድን መጠቀም ይቻላል። “ቸ”፣ “ጨ”፣ “ኘ”፣ “ፐ” እና “ጰ” ግን በዐረብኛው ቤት የላቸውም። ጸሐፊዎቹ ለዚህ መላ ያበጁት ተቀራራቢ በሆነው ፊደል ላይ ነጥብ በመጨመር ወይም ፊደሉን እንዳለ በመዋስ ነው። ሁሉንም የሚያስማማ አንድ ደንብ ስላልወጣም አሠራሩ ከጸሐፊ ጸሐፊ ይለያያል።

ከተነባቢው ይልቅ የሚያስቸግረው አናባቢው ነው። አማርኛ ሰባት አናባቢ አለው። ዐረብኛ ያለው ሦስት አጭርና ሦስት ረጅም አናባቢ ሲሆን፣ ለኃምስና ለሳብዕ የተለየ ምልክት የለውም። ስለዚህ “ሞላ” እና “ሙላ” በአጀም አንድ ዓይነት ሆነው ሊጻፉ ይችላሉ። አንዱ የተፈጸመ ነገር ወሬ ነው፤ ሌላው ትእዛዝ ወይም ልመና ነው። የአናባቢ ምልክቶቹ ጭራሽ ሲቀሩ ደግሞ “ገደል”፣ “ገድል” እና “ግደል” በሦስት ተነባቢ ብቻ ተወክለው አንባቢው ፊት ይቀመጣሉ።

እንግዲህ ደብተሩን እንዴት ማንበብ ይቻላል? መልሱ ቀላል ነው፤ ግጥሙን ቀድሞ የሰማ ሰው ያነበዋል። ዜማውን የሚያውቅ፣ አዝማቹን የተቀበለ፣ ከአውራጁ አፍ የሰማ ሰው ዓይኑ ፊደሉ ላይ ባረፈ ጊዜ ጆሮው ያስታውሰዋል። ያልሰማ ሰው ግን ዐረብኛም አማርኛም ቢያውቅ በየስንኙ ይደናቀፋል። ደብተሩ የተጻፈው ለማያውቀው ሰው ለማሳወቅ ሳይሆን የሚያውቀው እንዳይረሳ ነው። “ደብተሩ ማስታወሻ እንጂ ፍጻሜ አይደለም” ያልነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሐድራው፦ የሥራው መታያና መጠናቀቂያ

ሐድራ የሚለው ቃል መገኘትን፣ በአንድ ላይ መቀመጥን ያመለክታል። በወሎ ከዚህ ጋር ተቀራርቦ የሚነሣው ወዳጃ ነው፤ እርሱም ሰው ተሰብስቦ በጋራ ዱዓ የሚያደርግበት መቀመጫ ነው። ሥርዓቱ እንደየቦታውና እንደየማዕከሉ ቢለያይም የሚከተለውን መልክ ይዞ ይገኛል።

ቤቱ ተጎዝጉዞ ሰው ዙሪያውን ይቀመጣል። ዕጣን ይጨሳል። ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ይወርዳል። ጫቱ ተመርቆ ይታደላል። ትልቅ ሰው ዱዓ ያደርጋል፤ ታዳሚውም “አሚን” ይላል። ከዚያም አውራጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጀምራል። ድቤው መጀመሪያ አይቸኩልም፤ ጭብጨባውም ቀስ ብሎ ይከተላል። ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ ምቱ ይጠነክራል። አውራጅና ተቀባይ እየተቀባበሉ ይሄዳሉ። ሴቶችም የራሳቸው መቀመጫ፣ የራሳቸው አውራጅና የራሳቸው ዜማ አላቸው።

በዚህ ክዋኔ ውስጥ ግጥሙ ቢያንስ በሦስት መንገድ ይታረማል። አንደኛው በአቀባበሉ ነው። ታዳሚው አዝማቹን ሞቅ አድርጎ ከተቀበለው ግጥሙ ይኖራል፤ አፉ ከተሳሰረ ግን የአዝማቹ ቃል ይከብዳል ወይም ዜማው አይገጥመውም ማለት ነው፤ ገጣሚው ሌላ ጊዜ ለውጦት ይመጣል። ሁለተኛው በማስረዘምና በማሳጠር ነው። አንድ አርኬ ሰው ልብ ውስጥ ሲገባ አውራጁ ይደጋግመዋል፤ ሌላውን ይዘለዋል። በደብተር 30 አርኬ ያለው ግጥም በአንድ ሌሊት 12 ሆኖ፣ በሌላ ሌሊት ደግሞ በድግግሞሽ ከ30 አልፎ ሊዜም ይችላል። ሦስተኛው በጊዜው ጉዳይ ነው። ዝናብ የዘገየ እንደሆነ የልመናው አርኬ ወደ ፊት ይመጣል፤ በሽታ የገባ እንደሆነ የፈውሱ ይቀድማል። ታዳሚው የሚያውቃቸው የሞቱ ሰዎችም በዱዓው ውስጥ ይነሣሉ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ታዳሚው ይህን ያህል ከሠራ ገጣሚው ምን ቀረለት? የግጥሙ ባለቤትስ ማን ነው? መልሱ ገጣሚው ጠፋ የሚል አይደለም። ሐሳቡን ያመነጨው፣ ዶቃዎቹን የሰካው፣ ለተቀባዩ ቦታ የለቀቀው እርሱ ነው። ታዳሚው ግን ክሩን ያጠብቃል። ይህ የሥራ ክፍፍል በጋራ ሥነ ቃል ውስጥ ከምናውቀው “ደራሲው ያልታወቀ” ከሚለው አነጋገርም፣ በጽሑፍ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ከምናውቀው ብቸኛ ደራሲም የተለየ ነው። መንዙማን በሁለቱ መካከል ያለ ዘውግ አድርገን ልናጠናው የሚገባን በዚህ ምክንያት ነው።

የዓመቱ ታላቅ መድረክ

ሳምንታዊው ሐድራ የሠፈር መድረክ ከሆነ፣ መውሊድ የአገር መድረክ ነው። የነቢዩ ልደት የሚከበረው በሂጅራ አቆጣጠር በረቢዓል አወል ወር በ12ኛው ቀን ሲሆን፣ በጀማ ንጉሥ የሚደረገው በዓል ከሩቅ አገር ሰው የሚጠራ ነው። የሂጅራው ዓመት ከፀሐዩ ዓመት 11 ቀን ያህል ስለሚያጥር በዓሉ በየዓመቱ ወደ ኋላ እየሸሸ አንድ ዘመን በክረምት ጭቃ፣ ሌላ ዘመን በበጋ አቧራ ይውላል። የገጣሚው የሥራ ዓመት ከእርሻው ዓመት ጋር የማይገጥመው በዚህ ሳቢያ ነው፤ አንዳንድ ዓመት ግጥሙን የሚያዘጋጀው እህሉን እየወቃ ነው።

በመውሊድ አንድ ገጣሚ ከማያውቀው ሕዝብ ፊት ይቆማል። በሠፈሩ ሐድራ የተወደደው አዝማች ከቦረና፣ ከቃሉ፣ ከየጁ በመጣ ሰው አፍ ይገባ አይገባ እንደሆነ እዚህ ይፈተናል። ከገባ፣ ሰው ሲበተን ይዞት ይሄዳል፤ ከዓመት በኋላ ገጣሚው ባልረገጠው አገር ይዜማል። ለሠዓሊ ዐውደ ርእይ የሚያደርግለትን ለመንዙማ ገጣሚ የሚያደርግለት ይህ መሰብሰብና መበተን ነው።

ከሐድራ ወደ ካሴት

ቴፕ መቅጃ ወደ ሐድራ ሲገባ የዚህ ሥርዓት አካሄድ ተለወጠ። በተለይ ከ1991 በኋላ የሃይማኖት ኅትመትና ድምፅ በነጻነት መሠራጨት ሲጀምር የመንዙማ ካሴት በደሴና በኮምቦልቻ ሱቆች፣ በአውቶቡስና በጭነት መኪና ውስጥ መሰማት ያዘ። ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ስልክ ተሸጋግሮ ዛሬ በረመዳን ወቅት በቴሌቪዥን ጭምር ይቀርባል።

የዚህ ለውጥ ጥቅሙ ግልጽ ነው። የአንድ ማዕከል ግጥም በአዲስ አበባ፣ በጅዳና በዋሽንግተን ይሰማል። አጀም የማያነብ ወጣትም መንዙማን ያውቃል። ነገር ግን የቅጂው ጊዜ የተወሰነ ነው፤ ስለዚህ ረጅሙ ግጥም ይቆረጣል። ብዙ ጊዜ የሚቀረው ውዳሴው ሲሆን፣ የሚወጣው የታሪኩና የተግሣጹ አርኬ ነው። ተቀባዮቹም የሠለጠኑ ጥቂት ሰዎች ይሆናሉ፤ አይሳሳቱም፣ ስለዚህም አያርሙም። አድማጩ በቤቱ ብቻውን ያደምጣል። ቀድሞ በየሌሊቱ ይለዋወጥ የነበረው ግጥም በአንድ መልክ ይረጋል።

የባለቤትነትም ጥያቄ ከዚህ ጋር ይመጣል። በ2004 የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ለደራሲው በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት የኢኮኖሚ መብት ይሰጠዋል፤ ለከዋኙም የራሱን መብት ያውቅለታል። ከመቶ ዓመት በፊት ያረፈ ሸኽ የገጠመውን መንዙማ ዛሬ የሚያዜም ሰው በሕግ ረገድ የሚጠየቅበት ነገር ላይኖር ይችላል። ይሁን እንጂ በካሴቱ ሽፋን ላይ የአዜመው ስም ብቻ ሲወጣ የገጠመው ስም ይረሳል። ይህ ለሥነ ጽሑፍ ታሪክ ኪሳራ ነው። ደብተሩ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው እስካለ ድረስ ስሙን መመለስ ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ግን አይቻልም።

ክርክሩና አደጋው

መንዙማ ዛሬ ከሁለት ወገን ፈተና አለበት። አንደኛው ከሃይማኖቱ ውስጥ የሚነሣ ክርክር ነው። ድቤውን፣ ጫቱንና በወሊዎች አማካይነት የሚደረገውን ልመና ከመጀመሪያው ሃይማኖት የወጣ መጤ ልማድ ነው የሚሉ ወገኖች አሉ፤ ሌሎች ደግሞ እስልምና በወሎ ሥር የሰደደው በዚሁ መንገድ ነውና የአባቶች ቅርስ ነው ይላሉ። የሥነ ጽሑፍ አጥኚ በዚህ ክርክር ፍርድ ሊሰጥ አይገባውም። ውጤቱን ግን መመዝገብ አለበት። ድቤ የቀረበት፣ ወሊዎች ያልተነሡበት፣ በድምፅ ብቻ የሚዜም ሌላ ዓይነት ሃይማኖታዊ ዜማም እየተስፋፋ ነው። ዘውጉ በፊታችን እየተከፈለ ነውና የክፍፍሉን ሂደት ማጥናት ለዘውግ ጥናት ትልቅ ዕድል ነው።

ሁለተኛው የቁሳዊ ጥፋት ነው። የአጀም ደብተሮች በአብዛኛው በቤተሰብ እጅ ናቸው፤ ከልጅ ልጅ ሲተላለፉ የሚያነባቸው ይጠፋል፤ አይጥና ርጥበትም አይምሯቸውም። በ2021 መጨረሻ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ባዳረሰ ጊዜ የደሴ ሙዚየምና ወሎ ዩኒቨርሲቲ ዘረፋና ጉዳት ደርሶባቸዋል። በከተማ፣ በተቋም እጅ ያለው ቅርስ ይህ ከደረሰበት በገጠር ቤት ሣጥን ውስጥ ያለው ምን ዋስትና አለው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ለአጥኚው የሚተርፈው ሥራ

ከላይ የተባለውን ከተቀበልን መንዙማን የሚሰበስብ ተማሪ የሚከተሉትን ሊያሟላ ይገባዋል። በመጀመሪያ፣ የአንድን ግጥም አጀሙንና የተዜመውን ሁለቱንም ያግኝ፤ ልዩነታቸውንም እንደ ስሕተት ሳይሆን እንደ ማስረጃ ይያዝ። ሁለተኛ፣ አንድን ግጥም ቢያንስ በሁለት ሐድራ ይስማ፤ የቱ አርኬ ተደገመ፣ የቱ ተዘለለ፣ ታዳሚው የት ላይ ሞቀ የሚለውን ይመዝግብ። ሦስተኛ፣ አዝማቹን በየአርኬው መካከል በቦታው ይጻፍ፤ “አዝማቹ ይደገማል” ብሎ በአንድ መስመር ማለፍ የታዳሚውን ድርሻ ከጽሑፉ ማውጣት ነውና። አራተኛ፣ ደብተሩን ባለቤቱ ፈቅዶ ካሳየው በፎቶግራፍ ያንሣ፤ ደብተሩን ግን ከቤቱ አያውጣ። አምስተኛ፣ የገጠመውን፣ የገለበጠውንና ያዜመውን ሰው ስም በፈቃዳቸው ለየብቻ ያስፍር።

ይህን ሥራ ከምንም በላይ የሚያከብደው አጀም ማንበብ ነው። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ግእዝ መማሩ ተገቢ እንደሆነ ሁሉ፣ በወሎ ላይ ለሚሠራ ተማሪ የዐረብኛ ፊደል መማር የግድ ነው። ያለዚያ ከአማርኛ ሥነ ጽሑፍ አንዱ ክፍል ለአማርኛ አጥኚ እንደ ባዕድ ሆኖ ይቀራል።

መደምደሚያ

በዚህ ጽሑፍ የወሎ የመንዙማ ገጣሚ ሥራውን በሌሊት ጸጥታ ቢጀምረውም ብቻውን እንደማይጨርሰው ለማሳየት ተሞክሯል። የቤት አመታቱ ለተቀባይ ቦታ ይለቅቃል፤ የአጀሙ ጽሕፈት ቀድሞ የሰማ ሰው ይፈልጋል፤ ሐድራው ያርማል፤ መውሊድ ይፈትናል፣ ያሠራጫልም። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል የሚቀረው የተበታተነ ዶቃ ነው። ካሴትና ስልክ ድምፁን ቢያቆዩልንም ታዳሚውን አያቆዩልንም። ስለዚህ ዛሬ ደብተሩን የሚያነብ ሽማግሌ፣ ግጥሙን የሚያወርድ አውራጅና አዝማቹን የሚቀበል ሰው በአንድ ቤት ሲቀመጡ ማግኘት የሚቻልበት ጊዜ ሳያልፍ፣ ተማሪዎቻችን ወደ ሐድራው ቀርበው፣ ፈቃድ ጠይቀውና ከዳር ተቀምጠው እስከ ንጋት ማድመጥ ይጠበቅባቸዋል።